ኦንላይን ጨረታ ላይ በመጨረሻዋ ሰከንድ መጫረት፦ ለሚጫረትም ለሚያጫርትም ዝርዝር መመሪያ

አሁን አሁን ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ያሉ የቴሌግራም ግሩፖች ላይ ጨረታ ለምዷል። ያገለገለ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ሶፋ፣ ጋቢ፣ አረፋ ሲደርስ ደግሞ በግ ሳይቀር ፎቶው ይለጠፍና መነሻ ዋጋ ተጽፎ "ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል" ይባላል። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሶስት ሰው 100 100 ብር እየጨመረ ይቆይና ልክ ሊዘጋ ሲል እስከዛ ድምጹ ያልተሰማ ሰው ብቅ ብሎ 100 ብር ጣል አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ከዛማ ጭቅጭቅ ነው፣ አንዱ ቀማኛ ይላል አንዱ አድሚኑ ዘመዱ ነው ይላል፣ ባለ እቃው ግራ ይገባዋል።

የኔን አቋም ቀድሜ ላስቀምጥ። አድፍጦ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ዋጋ ማስገባት በራሱ ሌብነት አይደለም። የጨረታው ህግ ቀድሞ ከተነገረና ሁሉም እኩል ካወቀው ሰውዬው የተጠቀመው ለሁሉም ክፍት የነበረ በር ነው። ማጭበርበሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ባለ እቃው በወንድሙ አካውንት ዋጋ ሲሰቅል፣ ሰዓት ካለፈ በኋላ የገባ ዋጋ ሲቆጠር፣ አሸናፊው ስልኩን አጥፍቶ ሲጠፋ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በሁለት ወገን ነው የጻፍኩት፣ መጀመሪያ ለሚጫረት ሰው ቀጥሎ ለሚያጫርት ሰው፣ ግን ሁለታችሁም ሁለቱንም ብታነቡት ይሻላል።

መጀመሪያ ጨረታው እንዴት እንደሚዘጋ እወቁ

ዋጋ ከማሰባችሁ በፊት ይሄን አጣሩ፣ ምክንያቱም ሌላው ነገር ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። በጥቅሉ ሁለት አይነት አዘጋግ አለ።

አንደኛው ሰዓቱ ሲደርስ ድርቅ ብሎ የሚዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ኢቤይ የሚባለው የውጭ አገር የጨረታ ድረ ገጽ እንደዚህ ነው የሚሰራው፣ ሰዓቱ ካለቀ አለቀ፣ አንድ ሰከንድ ሲቀረው የገባ ዋጋ ከፍተኛ ከሆነ እሱ ይወስዳል። ሁለተኛው የሚራዘም ነው። አማዞን የሚባለው ሌላው የኦንላይን መሸጫ ድሮ የራሱ ጨረታ በነበረው ጊዜ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ዋጋ ከገባ ጨረታው ተራዝሞ፣ 10 ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይጨምር ካላለፈ አይዘጋም ነበር። አልቪን ሮት እና አክሰል ኦከንፌልስ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እነዚህን ሁለቱን አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ያገኙት ነገር ኢቤይ ላይ መጨረሻ ላይ የሚያደፍጠው ሰው ከአማዞን በጣም እንደሚበልጥ ነው፣ ደግሞ ኢቤይ ላይ ልምድ ያለው ሰው ይበልጥ መጨረሻውን ሲጠብቅ አማዞን ላይ ግን ልምድ ያለው ቀደም ብሎ ነው የሚያስገባው። ሰው ሁሉ ያው ሰው ነው እንግዲህ፣ የለየው የመዝጊያው ህግ ነው። ለዚህ ነው አድፋጩን ከመስደብ ህጉን ማየት የሚሻለው የምለው።

ነገሩ ኢንተርኔት ያመጣው እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር በሻማ ያጫርቱ ነበር፣ ትንሽ ሻማ ይለኮስና እሳቱ ሲጠፋ የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1662 ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የለንደን ሹም እንደመዘገበው አንዱ ተጫራች ከሌላው ቀድሞ ልክ በሰዓቱ እየጠራ ያሸንፍ ነበር፣ ሚስጥሩን ሲጠይቁት ሻማው ሊጠፋ ሲል ጭሱ ወደ ታች እንደሚወርድ ስላወቀ ነው።

የናንተ ጨረታ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ፖስቱ ላይ ካልተጻፈ አድሚኑን ጠይቁ፣ ግን ኢንቦክስ አትጠይቁት፣ ኮመንት ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጠይቁ። መልሱ እዛው ከተጻፈ በኋላ ላይ ማንም አይክደውም። "እንደሁኔታው እናያለን" ካለ እኔ ብሆን እዛ ጨረታ አልገባም።

የባንክና የመንግስት ጨረታ ለብቻው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ዋጋ በታሸገ ፖስታ ከሲፒኦ (ባንክ ካረጋገጠው የክፍያ ሰነድ) ጋር ስለሚገባ ሰከንድ መጠበቅ ምንም አይጠቅማችሁም፣ እዛ የሚጠቅመው ሰነዱን በደንብ ማንበብና ከመዝጊያው ቀን በፊት ማስገባት ነው።

ሰዓቱ ላይ አትሸወዱ

እኛ ጋ ብዙ ጸብ የሚነሳው ከዚህ ነው። አጫራቹ "3 ሰዓት" ሲል በኛ አቆጣጠር ነው፣ ስልካችሁ ላይ ግን 21፡00 ወይም ከምሽቱ 9፡00 ነው የሚለው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለእናቱ ፍሪጅ ሊገዛ ከገባ ደግሞ የባሰ ይምታታል።

ሌላው ሰው ልብ የማይለው ነገር ቴሌግራም ስልክ ላይ ከመልእክቱ ጎን የሚያሳየው ሰዓትና ደቂቃ ብቻ መሆኑን ነው፣ ሰከንድ አያሳይም። 21፡00 የሚል መልእክት 21፡00 ከ01 ሰከንድ ላይ የገባ ሊሆን ይችላል፣ 21፡00 ከ58 ሰከንድ ላይ የገባም ሊሆን ይችላል። ታዲያ "3 ሰዓት ይዘጋል" ሲባል 21፡00 የሚያሳየው ይገባል ወይስ አይገባም? ሰው ሁለት ቦታ የሚከፈለው እዚህ ጋ ነው። ንጹሁ አካሄድ 20፡59 የሚያሳየው ይገባል፣ 21፡00 ያሳየው አይገባም ማለት ነው፣ ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሰከንዱን ማየት የግድ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከፍታችሁ ማውሱን መልእክቱ ላይ ያለው ሰዓት ላይ ብታሳርፉት ቀኑን ከነሰከንዱ ያወጣላችኋል።

የስልካችሁ ሰዓት በእጅ የተሞላ ከሆነ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ስልክ ይዞ አድፋጭ መሆን አይቻልም።

ጣሪያ ዋጋችሁን ቀን ላይ ወስኑ፣ ማታ አይደለም

ማታ 2 ሰዓት ከ55 ላይ ደም ሞቆ ዋጋ አይወሰንም። በጊዜው፣ ረጋ ብላችሁ፣ ወረቀት ላይ አስሉት። ለምሳሌ ያገለገለ ስልክ ነው እንበል። ፒያሳ ያሉ ሱቆች ጋ ተመሳሳዩ 16,000 ብር ይባላል፣ ግን ሱቁ ቢያንስ ብልሽት ካለው መልሱት ይላችኋል። የጨረታው ስልክ ባትሪው ደክሟል ተብሏል፣ ለማስቀየር 1,200 ብር ያዙለት። ኮምቦልቻ ሆናችሁ ስልኩ ደሴ ከሆነ ሐረጎን ወጥቶ መውረዱ አለ፣ 200 ብር በሉት። መላሽ ስለሌለው ለስጋቱ 1,000 ቀንሱ። ከ16,000 ላይ ይሄ ሁሉ ሲነሳ 13,600 ይቀራል፣ ጣሪያችሁ እሱ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ ዋናው አሰራሩ ነው። 13,600 ካለፈ ሱቅ ሄዶ መግዛት ይሻላችኋል ማለት ነው፣ ሌላው ሰው 13,700 ቢል ደግሞ አልተሸነፋችሁም፣ እሱ የራሱ ሂሳብ አለው።

ብዙ ሰው ደግሞ 13,000 ወይም 13,500 ላይ ነው የሚቆመው፣ ክብ ቁጥር ሰው ይወዳል። ሂሳባችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ከክብ ቁጥሩ አንድ ጭማሪ አለፍ ያለ ጣሪያ ያዙ፣ በዛች 100 ብር ብዙ እቃ እጅ ይቀይራል።

እዚህ ጋ ኢቤይና ቴሌግራም አንድ እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ኢቤይ ላይ ጣሪያችሁን አንዴ ታስገቡታላችሁ፣ ሲስተሙ በሚስጥር ይይዘውና ሌላ ሰው ሲጨምር እናንተን ወክሎ በትንሽ በትንሹ ይጨምራል። ጣሪያችሁ 120 ዶላር ሆኖ የሌላው ሰው ጣሪያ 100 ቢሆን የምትከፍሉት 102.50 ነው፣ ማለትም የሁለተኛው ሰው ዋጋ ሲደመር አንድ የጭማሪ እርከን። ዊሊያም ቪክሪ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1961 የጻፈው ሃሳብ ጋ የሚቀራረብ ነው፣ አሸናፊው የሁለተኛውን ሰው ዋጋ የሚከፍል ከሆነ እውነተኛ ጣሪያውን ቢናገር አይጎዳም ነው ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ኖቤል የተሸለመውም በእንዲህ አይነት ስራው ነው። ቴሌግራም ላይ ግን እናንተን ወክሎ የሚጨምር የለም፣ የጻፋችሁትን ነው የምትከፍሉት፣ ስለዚህ ገና ከጠዋቱ 13,600 ብሎ መጻፍ ገንዘብ መጣል ነው። እዛ ደንቡ ከተጠራው ዋጋ ላይ አንድ እርከን ብቻ መጨመርና ጣሪያው ጋ ሲደርስ እጅን መሰብሰብ ነው።

የመጨረሻዋ ደቂቃ፣ አሰራሩ

ድርቅ ብሎ የሚዘጋ ጨረታ ከሆነና መጨረሻ ላይ ለመግባት ካሰባችሁ እንዲህ አድርጉ። 10 ደቂቃ ሲቀረው ግሩፑን ክፈቱት፣ ኔትዎርኩን ዋይፋይም ይሁን ዳታ ሞክሩት፣ ስልኩ ቻርጅ ይኑረው። ግሩፑ ላይ ስሎው ሞድ በርቶ እንደሆነ እዩ፣ በርቶ ከሆነ አንዴ ከጻፋችሁ በኋላ እስከተወሰነ ሰከንድ ወይም ደቂቃ ድረስ ደግማችሁ መጻፍ አትችሉም፣ ስለዚህ ያለቻችሁን አንድ እድል በ2 ሰዓት ከ58 ላይ ለማይረባ ነገር አታባክኗት።

ዋጋውን ቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙት ግን አትላኩ። ቁጥሩን ሙሉውን ጻፉ፣ 13,600 እንጂ "13.6" ወይም "ስድስት መቶ ጨምሬያለሁ" አይባልም፣ ከናንተ በፊት ሌላ ሰው መሃል ከገባ ጭማሪያችሁ በምን ላይ እንደሆነ አይታወቅም። ከዛ ሊዘጋ ከ40 እስከ 20 ሰከንድ ሲቀረው ላኩት። 2 ሰከንድ ሲቀር እልካለሁ የሚል ሰው የኛን ኔትዎርክ አያውቀውም። ስትልኩ ከመልእክቱ ጥግ ትንሽ የሰዓት ምልክት ትመጣለች፣ ያ ማለት ገና አልሄደም፣ አንድ የራይት ምልክት ሲሆን ነው ገባ የሚባለው። የሰዓቷ ምልክት እንደቆመች ጨረታው ከተዘጋ መልእክቱን ቶሎ ሰርዙት፣ አለዚያ ኔትዎርኩ ሲመለስ በራሱ ጊዜ 21፡04 ላይ ይላክና ከሰዓት ውጭ አስገባ ተብላችሁ ስማችሁ ይነሳል።

መብራትና ኔትዎርክ የማይታመኑበት ሰፈር ያላችሁ አብሽሩ፣ ቴሌግራም መልእክትን ለሌላ ሰዓት ቀጥሮ መላክ ይችላል፣ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብላችሁ ስትይዙት ይመጣል። 20፡58 ብላችሁ ከቀጠራችሁት ስልካችሁ ቢጠፋ እንኳን ከሰርቨሩ ይሄዳል። ጉድለቱ መሃል ላይ ዋጋው ከናንተ በላይ ሄዶ ከሆነ ዝቅ ያለ ዋጋ ይዞ ብቅ ማለቱ ነው፣ ስለዚህ በቀጠሮ የምትልኩት ጣሪያችሁን ነው፣ ትንሽ ውድ ቢሆንም።

የተላከ ዋጋ ኤዲት አታድርጉ። ተሳስታችሁ ከሆነ እንኳን አዲስ መልእክት ጽፋችሁ "ከላይ ያለው ስህተት ነው" በሉ። ኤዲት የተደረገ መልእክት ላይ ምልክቱ ይቀራል፣ ንጹህ ሰው ሆናችሁ ያስጠረጥራችኋል።

የሚራዘም ጨረታ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ እርሱት። መጨረሻ ላይ ብትገቡም ሰዓቱ ይገፋል፣ ሌላው ሰው ለመመለስ ጊዜ ያገኛል፣ እዛ የሚያዋጣው ተረጋግቶ እስከ ጣሪያ መሄድ ብቻ ነው።

የውሸት ተጫራች እንዴት ይታወቃል

አሟሟቂ የምንለው ነው፣ ሊገዛ ሳይሆን ዋጋ ሊሰቅል የገባ። ሙስሊም ወገኖቻችን በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ነጅሽ ነው፣ ሃራም ነው፣ ጨረታው ራሱ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ መግዛት ሳያስቡ ዋጋ መጨመር ነው የተከለከለው። ሰው "ትንሽ ላግዘው ብዬ ነው" እያለ ለጓደኛው ዋጋ ይጨምርለታል፣ ያ እገዛ አይደለም፣ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እጅ መክተት ነው። ኢቤይም ይከለክለዋል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፣ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ግን ሶስት አራቱ ከተገናኙ ውጡ። አካውንቱ አዲስ ነው፣ ፎቶም የለው። የሚጫረተው የአንድ ሻጭ እቃ ላይ ብቻ ነው። እናንተ በጨመራችሁ ቁጥር በሰከንዶች ውስጥ ልክ አንድ እርከን ብቻ ይጨምራል፣ ስለ እቃው ግን አንድም ጥያቄ አይጠይቅም፣ እውነተኛ ገዢ ባትሪው እንዴት ነው ካርቶኑ አለ ወይ ይላል። ያሸነፈ ቀን ደግሞ "ገዢው ስለቀረ" ተብሎ እቃው በሳምንቱ ተመልሶ ይለጠፋል። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ ይናገራል።

እዚህ ላይ ነው ማድፈጥ ጥቅም ያለው፣ አሟሟቂ የሚሰቅለው ዋጋችሁን ቀድሞ ካየ ነው፣ መጨረሻ ላይ በገባ ሰው ላይ ዋጋ ለመስቀል ጊዜ አይኖረውም።

በተጫራቾች በኩልም ጥፋት አለ። "አንተ የዛሬውን ተወው የሚቀጥለውን እኔ እተውልሃለሁ" ተባብሎ ዋጋ መያዝ በባለ እቃው ላይ የሚሰራ ግፍ ነው። ነጋዴዎች በጨረታ ላይ ተመሳጥረው ዋጋ መወሰናቸውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክለዋል፣ አንዲት እናት የሸመነችውን ጋቢ ላይ ሲሆን ደግሞ አዋጅም አያስፈልገውም።

ለምታጫርቱ

ጭቅጭቁን የማስቀረት አቅሙ ያለው እናንተ እጅ ነው። የሚራዘም አድርጉት። 5 ደቂቃ በቂ ነው፣ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ዋጋ ከገባ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ 5 ደቂቃ ይጨመራል፣ 5 ደቂቃ ዝም ካለ ይዘጋል። ባለ እቃው ይጠቀማል ምክንያቱም የመጨረሻ ዋጋ ያለው ሰው ሁሉ ይናገራል፣ ኔትዎርክ የከዳው ሰውም ሌላ እድል ያገኛል። "ሌሊቱን ሙሉ ቢራዘምስ" የሚል ካለ የእርከኑን መጠን ከፍ አድርጉ፣ 100 የነበረውን 300 ብታደርጉት ቶሎ ያልቃል።

ከያንዳንዱ ጨረታ ጋር እንዲህ ያለ ጽሁፍ ለጥፉ፣ እንደፈለጋችሁ ቀይሩት፦

"መነሻ 9,000 ብር። ጭማሪ ቢያንስ 200 ብር። መዝጊያ ዛሬ ማታ 3፡00 ሰዓት፣ ስልክ ላይ 21፡00። ካልተራዘመ 20፡59 የሚያሳይ ይገባል፣ 21፡00 የሚያሳይ አይገባም። ከ20፡55 በኋላ ዋጋ ከገባ ከመጨረሻው ዋጋ 5 ደቂቃ ይራዘማል። እኩል ዋጋ ከገባ ቀድሞ የገባው ይወስዳል። ኤዲት የተደረገ ዋጋ አይቆጠርም። ኢንቦክስ የመጣ ዋጋ አይቆጠርም። ባለ እቃውም ቤተሰቡም አድሚኑም አይጫረቱም። አሸናፊው በ24 ሰዓት ውስጥ እቃውን አይቶ ይከፍላል፣ ካልቀረበ ለሁለተኛው በራሱ ዋጋ ይሰጣል።"

ኢንቦክስ የሚለውን በጣም አጥብቃችሁ ያዙት። አንዱ ዘመድ "እኔ ኢንቦክስ ልኬልህ ነበር" ካለና ከተቆጠረለት ግሩፑ ሞተ በሉት፣ የቀሩት ሰዎች ማየት በማይችሉት ዋጋ ነው የተሸነፉት።

ባለ እቃው ከዚህ በታች አልሸጥም የሚለው ዋጋ ካለው መነሻው ላይ ይጻፈው ወይም "ዝቅተኛ መሸጫ አለው" ብላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ ካለቀ በኋላ "አልተስማማኝም" ማለት የሰው ቀን መብላት ነው።

ሰው ዋጋውን አጥፍቶ ሊክድ ይችላል፣ ለዚህ ሲዘጋ ወዲያው ስክሪንሾት አንሱ። ደግሞ አድሚን ከሆናችሁ ግሩፑ መቼት ውስጥ ሪሰንት አክሽንስ የሚል አለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ የጠፋውንና ኤዲት የተደረገውን ከነድሮው ያሳያችኋል። "ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ምን ዋጋ አለው" ለሚል ሰው ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ፣ አንድ ስምምነት በኤሌክትሮኒክ መልእክት ስለተደረገ ብቻ ዋጋ የለውም ሊባል አይችልም።

ካሸነፋችሁ በኋላ

እቃውን ሳታዩ አትክፈሉ፣ "ማስያዣ 2,000 ብር በቴሌብር ላክ" የሚል ካጋጠማችሁ አቁሙ። ቀን ላይ ሰው የሚበዛበት ቦታ ተገናኙ፣ ስልክ ከሆነ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውላችሁ የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ቻርጅ ሰክታችሁ፣ ደውላችሁ፣ ካሜራውን ከፍታችሁ ፈትሹ። የምትሸጡ ደግሞ የክፍያ ስክሪንሾት አይታችሁ እቃ አትልቀቁ፣ ስክሪንሾት ይቀባል፣ የራሳችሁን ቀሪ ሂሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። እቃው በሚኒባስ ሹፌር ወደ ወልድያ ወይም መርሳ የሚላክ ከሆነ ሲታሸግ ቪዲዮ ቅዱት፣ የታርጋውን ቁጥርና የሹፌሩን ስልክ ለገዢው ላኩለት።

አሸንፎ የጠፋ ሰው ካለ መጀመሪያ ደውሉለት፣ ሃዘን ወይ ህመም ገጥሞት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቀን ስጡት። ካልመለሰ ለሁለተኛው ሰው ሁለተኛው ሰው በጻፈው ዋጋ ስጡት፣ በአሸናፊው ዋጋ አይደለም፣ ምክንያቱም ያ ዋጋ የመጣው ሊከፍል ባልመጣ ሰው ነው። ሁለተኛው ሰው በመሃል ሌላ ገዝቶ ከሆነ ግዴታ የለበትም፣ እንደገና አጫርቱ፣ ፖስቱ ላይም ለምን እንደተደገመ በአንድ መስመር ጻፉ።